የነርስ ተማሪዎችን የጤናና የአለባበስ ደንብ ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

የነርስነት ትምህርት ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ሲደርስ ተማሪው አስቀድሞ የሚያሟላቸው ሁለት ዐይነት ግዴታዎች አሉ። አንደኛው ስለ ጤንነቱ የሚያቀርበው ማስረጃ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በልብሱ፣ በጠጉሩ፣ በጥፍሩና በጌጡ ረገድ የሚጠበቅበት ሥርዓት ነው። በአገራችን የነርስነት ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ደንቡም አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በዚያው ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ አስተማሪ ደንቡን በቃል ሲያብራራው፣ ወላጅ ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ ተማሪ ቅሬታ ሲያቀርብ፣ ጉዳዩም ከኮሚቴ ፊት ሲቀርብ በብዙ ስፍራ የሚነገረው በአማርኛ ነው። በውጭ አገር፣ ለምሳሌ በአሜሪካ በዋሽንግተን አካባቢ፣ ነርስነት ለመማር የሚገቡ ወገኖቻችንም ከአገር ቤት ያመጡትን የክትባትና የሕክምና ማስረጃ ከዚያው አገር ደንብ ጋር ማመሳከር ይኖርባቸዋል። በሁለቱም ወገን በመካከል የሚቆመው ተርጓሚ ነው።

እንዲህ ያለውን ደንብ ወደ አማርኛ ሲመልሱ የሚገጥመው ዋና ችግር የቃል እጥረት አይደለም። ቃል ሞልቷል። ችግሩ መነሻው ጽሑፍ የሚጠይቀው ጠባብ፣ በቁጥር ወይም በዐይን የሚረጋገጥ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ለተርጓሚው ብዕር ቀድመው የሚደርሱት ቃላት «ጤነኛ»፣ «ንጹሕ»፣ «ጨዋ» የመሳሰሉት መሆናቸው ነው። እነዚህ ቃላት ሰውን ይመዝናሉ። ደሙ ሊመረመር ወይም እጅጌው ሊታይ የመጣው ተማሪ በእነርሱ አማካይነት እርሱ ራሱ በሚዛን ላይ ይቀመጣል። ይህም በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ የሚቀር ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ተማሪ ከሕሙማን ክፍል መግባትና አለመግባቱን የሚወስን ነው።

«ጤነኛ» ከሚለው እንጀምር። ደንቡ ተማሪው ለልምምድ የሚያበቃውን የጤና ማስረጃ እንዲያቀርብ ሲያዝ፣ ተርጓሚው «ከተላላፊ በሽታ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት» ብሎ ቢመልሰው ለጆሮ ምንም አይጎረብጥም። ነገር ግን «ነጻ» የሚለው ቃል በር ላይ የሚያስቀረው ሰው አለ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሟ ውስጥ የሚገኝ ተማሪ በዚህ ዐረፍተ ነገር መሠረት ትምህርቷን ማቋረጧ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ቫይረሱ በደም ውስጥ መኖሩ ብቻውን ማንንም ከጤና ሙያ ትምህርትም ሆነ ሥራ ሊከለክል እንደማይገባ አስፍሯል። ጥንቃቄ የሚጠየቀው የሠራተኛው ደም ከታካሚው ሰውነት ውስጥ ሊገባባቸው በሚችሉ ጥቂት የቀዶ ሕክምና ተግባራት ላይ ሲሆን፣ በእነዚህም ቢሆን መለኪያው በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 ዓለም አቀፍ አሐድ የሚል ቁጥር እንጂ «ነጻ መሆን» አይደለም። መነሻው ያልከለከላትን ተማሪ ትርጉሙ ከከለከላት ጥፋቱ የሐኪሙ ሳይሆን የቃሉ ነው።

የዚህ ሥሩ «በሽታ» የሚለው ቃላችን በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። ተሕዋሱ በሰውነት ውስጥ መገኘቱን፣ በሽታው መነሣቱንና ሰውየው ሕመም መሰማቱን ሕክምና ለያይቶ ሲያያቸው የዕለት ተዕለት አማርኛ ሦስቱንም በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። የመጀመሪያውን ለይቶ ለመሰየም «ልክፍት» የሚለውን ቃል ያቀረቡ አሉ። ከ«ለከፈ» የወጣ በመሆኑ በእማሬው አይነቀፍም፤ ፍካሬው ግን ከዛርና ከጋኔን ጋር የተጣበቀ ስለሆነ «የልክፍት ምርመራ ውጤት» የሚል ቅጽ የተሰጣት ተማሪ ወደ ላቦራቶሪ ትሂድ ወይስ ወደ ጠበል ልታመነታ ትችላለች። እኛ «ኢንፌክሽን» የሚለውን የውሰት ቃል እንመርጣለን። ከዚህ የተሻለ አብነትም ሕዝቡ ራሱ ሰጥቶናል። ስለ ኤች አይ ቪ በተደረገው ረጅም ትምህርት «የኤድስ በሽተኛ» የሚለው አጠራር ለ«ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚገኝ» ስፍራውን ለቅቋል። ሐረጉ ረጅም ነው፤ ሆኖም የሚናገረው ስለ ደሙ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። ለደንባችንም «የተዘረዘሩት ምርመራዎችና ክትባቶች መፈጸማቸውን የሚገልጽ ማስረጃ» የሚለው ይበቃል። «ጤነኛ» የሚለው ቃል ከነጭራሹ ባይገባበት ምንም አይጎድልም።

ሄፓታይተስ ቢን «የጉበት በሽታ» ብሎ መተርጐምም የተለመደ ነው፤ ጉበት ግን በመጠጥም፣ በመድኃኒትም፣ በሌላም ምክንያት ይታመማል፤ ክትባቱም ለአንዱ ቫይረስ ብቻ ነው። «የወፍ በሽታ» ደግሞ የዐይንና የቆዳ ቢጫ መሆንን የሚያመለክት እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም።

አሁን ወደ «ክትባት» እንለፍ። ቃሉ ከ«ከተበ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ «ክታብ»ም ዘመዱ ነው። ፈንጣጣን ለመከላከል ቆዳ እየተጫረ የሚሰጠው የጥንቱ ክትባት በክንድ ላይ ምልክት ትቶ ያልፍ ስለነበር ከጽሕፈት ጋር መዛመዱ ለሰሚው አይከብድም። ይሁን እንጂ ደንቡ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው መከተብን ብቻ አይደለም፤ ክትባቱ በሰውነት ውስጥ ያስገኘውን ውጤትም ጭምር ነው። በተለመደው አሰጣጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመጀመሪያው ቀን፣ ከአንድ ወርና ከስድስት ወር በኋላ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ከመጨረሻው መርፌ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቆይቶ ደም ሲመረመር የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዓለም አቀፍ አሐድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው የመከላከል አቅም አለው ይባላል። ሦስቱንም ተከትበው ከዚህ ቁጥር የማይደርሱ ሰዎች አሉ። «የተከተበ» እና «የመከላከል አቅም ያለው» በአንድ ቃል ከተመለሱ እነዚህ ሰዎች ከትርጉሙ ይጠፋሉ፤ ተማሪውም ካርዱን ይዞ «ተከትቤያለሁ» ሲል፣ አስተማሪው «አላሟላህም» ሲለው ሁለቱም ልክ ሆነው ሳይግባቡ ይለያያሉ።

በዚሁ የምርመራ ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ» የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። «አዎንታዊ» እና «አሉታዊ» ብሎ መመለሱ በሰዋስውና በሥነ ልቡና መጻሕፍት የሠመረ ቢሆንም ለዚህ ስፍራ አይሆንም፤ «አዎንታዊ» ለአንባቢ መልካም ነገር ነውና። ይባስ ብሎ በአንዱ ወረቀት ላይ አንዱ ፖዘቲቭ የሚፈለግ፣ ሌላው የማይፈለግ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ፖዘቲቭ ከሆነ ተማሪዋ የመከላከል አቅም አላት ማለት ነው፤ የቫይረሱ የገጽታ ፕሮቲን ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ስለዚህ የምንመክረው ቅጽሉን ትቶ ግሡን መጻፍ ነው፦ «ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኝቷል»፤ «ቫይረሱ አልተገኘም»። ምን እንደ ተገኘ የማይናገር የምርመራ ትርጉም ተተርጉሟል ለማለት አይቻልም።

የበሽታ ስሞች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል፤ እዚህ የምንጠቅሰው ለደንቡ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካ ከነርስ ተማሪ ማስረጃ የሚጠየቅባቸው ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ በአንድ መርፌ በሚሰጥ ክትባት ይከላከላሉ። ይህን የሦስትዮሽ ክትባት «የኩፍኝ ክትባት» ብሎ ማሳጠር ከባድ ስሕተት ያስከትላል፤ በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው የኩፍኙ ብቻውን ስለሆነ፣ የአገር ቤት ካርድ ያላት ተማሪ ግዴታዋን የፈጸመች ይመስላታል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በልጆች ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣውን በሽታ «ፈንጣጣ» ማለት ነው። በአንዳንድ አካባቢ «ጉድፍ» ይባላል፤ በሌላው አካባቢ ደግሞ «ጉድፍ» ኩፍኝ ነው። ፈንጣጣ ግን ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 እ.ኤ.አ. ከምድር መጥፋቱን አውጇል። «ፈንጣጣ ይዞሽ ያውቃል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት በእውነት «የለም» ብላ ትመልሳለች፤ በልጅነቷ ያሳለፈችውና ሐኪም ቢመሰክርላት እንደ ማስረጃ ሊቈጠርላት የሚችለው በሽታ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። ለዚህ በሽታ «ቫሪሴላ» ብሎ «ውኃ የሚቋጥር የልጆች ሽፍታ» የሚል መግለጫ ማስከተል ከሁሉም ይሻላል።

«ነቀርሳ»ም እንዲሁ ለካንሰርም ለሳንባ ነቀርሳም ሲነገር የኖረ ነውና በደንብ ውስጥ ብቻውን መቆም የለበትም። «ቲቢ» አጭርና የታወቀ ነው። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚነበብ ሲሆን፣ የሚለካው በጣት ሲዳሰስ ደድሮ የሚገኘው የቆዳ ክፍል ነው። «እብጠቱ ይለካል» ወይም «የቀላው ይለካል» የሚል ትርጉም ቁጥሩን ያሳድገዋል፤ ቁጥሩ በሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንሽ ስሕተት አትናቅም። «የደደረው ክፍል ይለካል» ማለት ይገባል፤ «ደደረ» ከገጠሩ አነጋገር በነጻ የተገኘ፣ ለሥራው የተፈጠረ የሚመስል ግሥ ነው። የቢሲጂ ክትባት የተከተበ ሰው በዚህ ምርመራ ፖዘቲቭ ሊሆን እንደሚችል፣ የደም ምርመራው ግን በቢሲጂ እንደማይነካ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መግለጥ የተርጓሚ ግዴታ ባይሆንም የግርጌ ማስታወሻ የሚገባው ነው። ተሕዋሱ በሰውነት ውስጥ ኖሮ በሽታ ያላስነሣበትን፣ ወደ ሌላ ሰውም የማይተላለፍበትን ሁኔታ «ድብቅ ቲቢ» የሚሉት አሉ። «ድብቅ» የተባለ ነገር ደባቂ አለው፤ ተማሪዋ ጉዳዩን የሸሸገች ትመስላለች። «ያሸለበ ቲቢ» ብንል ማሸለቡ የተሕዋሱ ሆኖ ይቀራል።

ከጤና ወደ ልብስ ስናልፍ መጀመሪያ የሚያስቸግረን ልብሱ ሳይሆን ገላው ነው። በአማርኛ «እጅ» ከጣት ጫፍ እስከ ትከሻ ሊደርስ ይችላል፤ እጁ ተሰበረ የተባለ ሰው የተሰበረው ከክርኑ በላይ ሊሆን ይችላል። «ክንድ»ም እንዲሁ ነው፤ ክትባት የሚወጋው በክንድ ነው፣ የቲቢ ምርመራም የሚደረገው በክንድ ነው፤ አንደኛው ግን ከክርን በላይ፣ ሌላው ከክርን በታች በውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ ደንብ ተርጓሚ በመገጣጠሚያዎቹ፣ ማለትም በ«አንጓ»፣ በ«ክርን» እና በ«ትከሻ»፣ ቢለካ ይሻለዋል። የእንግሊዝ አገር የጤና ሚኒስቴር በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ታካሚ የሚነኩ ሠራተኞች ከክርናቸው በታች እጅጌም ሰዓትም ጌጥም እንዳይኖርባቸው አዟል። ይህን «ከክርን በታች ባዶ» ብሎ ቃል በቃል መመለስ ያስቃል፤ ባዶ እጅ የሚባለው ሳይዝ የመጣ እንግዳ ነውና። «እጅጌው ከክርን የማያልፍ፣ ከክርን በታች ሰዓትና ጌጥ የሌለበት» ማለት በቂ ነው። ምክንያቱም በግልጽ ይታያል፦ እጅ እስከ አንጓው ድረስ በሚገባ ሊታጠብ የሚችለው የሚሸፍነው ነገር ከሌለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ በውኃና በሳሙና ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ለማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይመድባል፤ የተፈጥሮ ጥፍር ከ0.5 ሴንቲ ሜትር እንዲያጥር፣ ሰው ሠራሽ ጥፍርም እንዳይደረግ ይመክራል። «ጥፍር በንጽሕና ይያዝ» የሚለው የተለመደ ትርጉም ይህን ሁሉ ይውጠዋል። ረጅምና ቀለም የተቀባ ጥፍር ያላት ተማሪ ጥፍሯ ንጹሕ ነው ብትል ማን ይከራከራታል?

«ንጹሕ» ራሱ እዚህ ላይ ሦስት ሥራ እንዲሠራ ይገደዳል። በዐይን የሚታይ እድፍ የሌለበት፣ በኬሚካል ተሕዋስያኑ የተቀነሱለት፣ ከማናቸውም ተሕዋስ የጸዳ፤ ሦስቱም «ንጹሕ» ይባላሉ፤ በላዩም ላይ የንጹሕ ልብና የንጹሕ ሕሊና ትርጉሙ አለ። ለሦስተኛው «ማምከን» የሚለው ተለምዷል፤ እኛም እንቀበለዋለን። «የመከነ ጓንት» ሲባል የሚስቅ ተማሪ ባይጠፋም፣ ከመሃንነት ጋር ያለው ዝምድና በመነሻው ቋንቋም ያለ ነውና ሳቁ በቅርቡ ያልቃል። ለሁለተኛው «ፀረ ተሕዋስ ማድረግ» ጥሩ ነው። «ማጽዳት» ለመጀመሪያው ብቻ ቢቀር እንወዳለን።

ስለ ጭምብል አንድ ነገር እንጨምር። ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ በፊት «ጭምብል» ማንነትን የሚሸሽግ ነገር ነበር፤ ዛሬ ከ«ማስክ» እና ከ«የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ» ጋር እኩል ይነገራል። ከፊት ጋር ገጥሞ አየሩን የሚያጣራው ዐይነት ግን ከተራው መለየት ስላለበት «አጣሪ ጭምብል» እንበለው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ጭምብሉ በፊቱ ልክ መግጠሙ በየዓመቱ ይፈተሻል፤ ጠርዙ በሚያርፍበት ስፍራም ጢም እንዳይኖር ታዟል። ይህን ፍተሻ «የብቃት ፈተና» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ የሚፈተነውን ለውጦታል። ጭምብሉ መፈተኑ ቀርቶ ተማሪው ይፈተናል፤ የወደቀውም የጭምብሉ መጠን ሳይሆን እርሱ ይሆናል። «የጭምብል ልክ ፍተሻ» ይበቃል። በሆስፒታል «ፊት ቴስት» እየተባለ በውሰት ሲነገር የሰማ አማርኛ ተናጋሪ የፊት ምርመራ ነው ብሎ ቢረዳው፣ በአጋጣሚ ከ«ብቃት» ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

«ጨዋ አለባበስ» የሚለውን በተመለከተ አቋማችን አጭር ነው፤ ከደንቡ ይውጣ። መነሻው ስለ ሙያ ሥርዓት የሚለውን አማርኛው ስለ አስተዳደግ ያደርገዋል። ጠጉር ከአንገት በላይ እንዲያዝ የሚታዘዘው በታካሚው ወይም በመከነው ዕቃ ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ ጫማው ሽፍን እንዲሆን የሚፈለገው መርፌ ቢወድቅ ወይም ደም ቢፈስ እግርን እንዲጠብቅ ነው። ሹሩባም ሆነ ሻሽ ወይም ሂጃብ በዚህ መለኪያ እንጂ በጨዋነት አይመዘንም። «ነጠላ ጫማ ክልክል ነው» ማለትም ይሠራል፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። «የአንገት ጌጥ» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማተብ ጌጥ አይደለም፤ ማተብ ያሰረ ተማሪ ጌጥ የሚከለክል ዐረፍተ ነገር እርሱን ይመለከታል ብሎ አያስብም፤ አውልቅ ሲባልም የተጠየቀው ክር ሳይሆን ሃይማኖቱ ይመስለዋል። ደንቡ የፈለገው በታካሚው ላይ የሚንጠለጠል ነገር እንዳይኖር ከሆነ «በአንገት ላይ ያለ ማንኛውም ነገር ከልብስ ውጭ እንዳይንጠለጠል» ብሎ መጻፍ ማተቡንም፣ ሐብሉንም፣ የመታወቂያ ማንጠልጠያውንም በአንድነት ይዞ ሁሉንም በእኩል ዐይን ያያል። እንሶስላ የሞቀች እጅም ጌጥ እንዳይደለችና ሊወልቅ የማይችል እንደ ሆነ አዘጋጁ ቢያስብበት መልካም ነው።

የሰዎቹ ስምም ያልረጋ ነው። «አስታማሚ» ለሙያው ስም እንዲሆን የሚመኙ አሉ፤ በሆስፒታሎቻችን ግን አስታማሚ ማለት ከታማሚው ጋር የሚያድር ዘመድ ስለሆነ፣ «አስታማሚ ያለ ጋውን አይግባ» የሚል ማስታወቂያ የሚያስቆመው ምግብ ይዛ የመጣችውን እናት ነው። «ሲስተር» ከእንግሊዞች የሆስፒታል ልማድ የመጣና ለሴት ብቻ የሚሆን ማዕረግ ነው፤ ወንዶች በሙያው በበዙበት በዛሬው ዘመን ለደንብ አይበቃም። «ነርስ» ለሁለቱም ይሆናል። ልምምዱንም «የክሊኒክ ልምምድ» ከማለት «የሕሙማን ክፍል ልምምድ» ማለት ይመረጣል፤ ክሊኒክ በአገራችን ከሆስፒታል ያነሰ የሕክምና ቤት ስም ሆኖ ቀርቷልና።

በመጨረሻ ግሡን እንይ። «ይገባል» የደንብ ጸሐፊዎች የሚወዱት ቃል ነው፤ ለስላሳና ጨዋ ነውና። ነገር ግን ግዴታንም መብትንም ይናገራል። «ተማሪዋ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማግኘት ይገባታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ተማሪዋ ራሷ ተከትባ እንድትመጣ ያዝዛል፤ ክትባቱን ትምህርት ቤቱ እንዲሰጣትም ያዝዛል። ሁለቱ ወገኖች ይህን ወረቀት ይዘው ቢካሰሱ እያንዳንዳቸው አንድ ምስክር አላቸው፤ ምስክሩም ያው ግሥ ነው። ዋጋውን የምትከፍለው ተማሪዋ ከሆነች «ተከትባ መምጣት አለባት»፣ ትምህርት ቤቱ ከሆነ «ትምህርት ቤቱ ያስከትባታል» ተብሎ ይጻፍ።